ወንበር ለምኔ

ስለ ዘመናዊ የቤት ዕቃና ስለ ቤት ማስዋብ የተጻፉ መጻሕፍትን ለመሰብሰብ ቆርጠው ከተነሡ፣ አስቀድመው የቤት ዕቃ መግዛት ይተዉ። ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1956 ያወጡት የቆዳ ወንበር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ይቁጠሩልኝ) ዛሬም በሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው። ታሸን የተባለው የኮሎኝ አሳታሚ በ1997 ያወጣው «1000 ወንበሮች» ግን ከነሙሉ ወንበሮቹ አንድ ክንድ ቦታ አይፈጅም። ደግሞስ መጽሐፍ ላይ የተሳለ ወንበር እግሩ አይነቃነቅም፤ እንግዳም ተቀምጦበት አያመሽም።

ጀማሪ ሰብሳቢ የሚያሳድደው ትልልቁንና ባለ ጠንካራ ሽፋኑን ነው፤ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የቤቱን ጌታ ውጭ አገር የተማረ የሚያስመስለውን። ያሳድድ። እርስዎ የዋጋ ዝርዝር ይፈልጉ። የነጋዴ ካታሎግ ዓመቱ ሲያልፍ ዋጋው ይለወጣል፣ ይጣላል፣ ስኳር ይጠቀለልበታል፤ የሚወደደውም ሁሉም ስለጣለው ነው። ሚካኤል ቶኔት በ1859 ያወጣትን ቁጥር 14 ወንበር ይመልከቱ። በእንፋሎት የተለመጠ 6 ቁራጭ እንጨት፣ 10 ቪቲና 2 ዳዶ ናት፤ በቃ። ተፈትታ ስትታሸግ 36ቱ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባሉ፤ ገዢው አገር ሲደርሱ ይገጣጠማሉ። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል ተሸጣለች ይባላል። ስለዚህ ወንበሯን የትም ቡና ቤት ያገኟታል፤ ያሻሻጣትን ወረቀት ግን ፈልገው ያግኙ እስቲ!

ይህ ቀድሞ የገባው ንድፍ አውጪው ጆርጅ ኔልሰን ነው። የሚሺጋኑ ኸርማን ሚለር ኩባንያ የ1948ቱን ካታሎግ በጠንካራ ሽፋን ጠርዞ በ3 ዶላር እንዲሸጥ አደረገ። ካታሎግ በነጻ በሚታደልበት አገር! እንደኔ ግምት ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ሰው በነጻ ያገኘውን ይጥላል፣ የከፈለበትን ግን ባያነበውም ያስቀምጠዋል። እኛም ዘንድ ቢሆን አርቱሮ መዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽን ሲሠራ የውስጡን ዕቃ ጭምር ነድፏል፤ አዳራሹ የተመረቀው በ1961 ነው። የዚያን ዘመን ንድፍና የዕቃ ማዘዣ ወረቀት የሚያውቅ ጡረታ የወጣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ካጋጠመዎ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰዎ» ማለትን እንዳይረሱ።

ጌጥን የሚያወግዙ መጻሕፍት ግድ ያስፈልጉዎታል። የቪየናው አርክቴክት አዶልፍ ሎስ ጌጥን ከወንጀል ቆጥሮታል። ሌላው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ደግሞ ፓሪስ በ1925 ታላቁን የጌጣጌጥ ጥበብ ኤግዚቢሽን ስታሳይ፣ በዚያው ዓመት ስለ ጌጥ ጥበብ መጽሐፍ አሳትሞ እውነተኛው የዘመኑ ጌጥ ጌጥ የሌለው ነው ሲል ተከራከረ፤ ለምሳሌነት ያቀረበውም የቢሮ ፋይል ካቢኔትና የጉዞ ሻንጣ ነበር። «ጌጥ ይውደም!» ማለቱ ነው ባጭሩ። ይህን መጽሐፍ የት ያስቀምጡታል? ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ዳንቴሉ መሐል፣ ከአርቲፊሻል አበባው በስተግራ። በጣም ያምራል።

ባውሃውስ የተባለውን የጀርመን የንድፍ ትምህርት ቤት መጻሕፍት በተመለከተ ጥቂት ልበል። ግሮፒየስና ሞሆሊ-ናጂ ከ1925 እስከ 1930 ያወጧቸው 14 ናቸው፤ የመጀመሪያው እትም ጥሪት ያስጨርሳል። በኋላ እንደገና የታተሙት ለማንበብ ምንም አይሉም። ሰብሳቢ ግን መቼ ሊያነብ ነው?

ሲገዙ አይቸኩሉ። ሻጩ ስለ ሽፋኑ ሲያወራ እርስዎ መጽሐፉን ከፍተው በስፌቱ ውስጥ ጣትዎን ያስኪዱ። ቀጭን የተቆረጠ ጠርዝ ጣትዎን ከነካው አንድ ሥዕል በምላጭ ወጥቶ የሆነ ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ የቤት ማስዋቢያ መጻሕፍት ዋና ጠላት ቤቱን የሚያስውብ ሰው ነው። ቀጥለው ገጾቹን በአውራ ጣት ያራግፏቸው። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ላዩ በነጭ አፈር የተለበጠ ስለሆነ አንዴ ርሶ ከደረቀ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ሃምሳ ገጽ አንድ ጡብ ይሆናል፤ ለመለየት የታገለ ሁሉ የጣሊያንን ሶፋ ከዴንማርክ ጠረጴዛ ጋር ገሽልጦ ያነሣል። እናም ክረምት ከመግባቱ በፊት ለራስዎ ሳይሆን ለመደርደሪያው ሲሉ ጣሪያውን ያስጠግኑ። ከሽፋኑ ላይ የሚጠለቀውን ወረቀትም «ተቀዷልና» ብለው እንዳይጥሉ፤ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ግማሹ እሱ ላይ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለዎ ደግሞ በጊዜ ይደውሉ። «ምን ላምጣልህ፣ ጋሼ?» ሲባሉ «ኧረ ምንም፣ አንዲት መጽሐፍ ብቻ» ይበሉ። የቪትራ ዲዛይን ሙዚየም በ2019 ያሳተመው የቤት ዕቃ አትላስ ከሺህ ገጽ በላይ መሆኑን አስቀድሞ መናገር ጨዋነት አይደለም፤ ዘመድዎ ኤርፖርት ሚዛን ላይ ራሱ ይደርስበታል።

ምናልባት ከዓመታት በኋላ መቀመጫ ሊያስፈልግዎ ይችላል። መጽሐፉን ይዘው አናጢ ዘንድ ይሂዱ። የሪትፌልትን ቀይና ሰማያዊ ወንበር ያሳዩት፤ የዑትሬኽቱ ሪትፌልት ራሱ አናጢ ስለነበር ይግባባሉ። አናጢው ጣውላዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይቆጥራል፤ መገጣጠሚያዎቹን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ስፖንጁስ?» ብሎ ይጠይቃል። ስፖንጅ የለውም ይበሉት። አዝኖልዎ ዋጋ ሊቀንስ ይችላልና ዝም ብለው ይጠብቁ። ብቻ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋጋ በመዳፍዎ ይሸፍኑ፤ ካየው ጣውላውንም በዶላር ያስብልዎታል።