መኖሬን ስላረጋገጣችሁልኝ

ለ፦ ዩኒቨርሲቲያችን የክፍያ ክፍል
ባላችሁበት (ከሻይ ሰዓት ውጭ)

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህ አቤቱታ አይደለም። አቤቱታማ መዝገብ ቤት ገብቶ በዚያው ይቀራል።

ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የኬሚስትሪ ላብ የማስተምር ግራጁዌት አሲስታንት ነኝ። ከሌክቸረር በታች፣ ከአሲስታንት ሌክቸረርም በታች፣ መሰላሉ መሬት በሚነካበት እርከን ላይ የቆምኩ ማለት ነው። ላቡ ውስጥ ውሃ መጥፋቱን፣ በኅዳር 2015 መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን እያነሣሁ አላሰለቻችሁም። የእኔ ጉዳይ አንዲት መስኮት ናት።

ሰኔ 27 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የኦቨርሎድ ክፍያዬን ልጠይቅ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው እህታችን የትምህርት ክፍል ኃላፊው የፈረሙበትን ደብዳቤ ተቀብላ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት። ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆውን አነሣች፤ ወረቀቱ ላይ ጥርት ያለ ቡናማ ክብ ቀርቷል።

«ይሄ ቲተር ብቻ ነው ያለው፤ ክብ ማኅተም የለውም» አለችኝ።

ክቡን አየሁት። ዝም አልኩ።

«ደሞስ ተማሪ ነህ አስተማሪ?»

«ሁለቱንም ነኝ።»

«ሲስተሙ ላይ ተማሪ ነህ። ተማሪ ኦቨርሎድ አይከፈለውም።»

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ «አንተ መምህር ነህ» ብሎ የተማሪ ካርድ ከልክሎኛል። በተረቱ የሌሊት ወፍ ወፎች ግብር ሲጠይቋት አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲጠይቋት ወፍ ነኝ እያለች ታመልጣለች። እናንተ ተረቱን አሻሽላችሁታል፦ ወፍ የምታደርጉኝም አይጥ የምታደርጉኝም እናንተ፣ ከመክፈል የምታመልጡትም እናንተ።

«ለመሆኑ ማስተማርህን የሚመሰክር ሰው አለ?»

ከኋላዬ ለጠፋ መታወቂያው ሊከፍል የተሰለፈ ልጅ ነበር። አወቅኩት። የጓደኛውን ሪፖርት ከነጓደኛው ስም ገልብጦ አስረክቦኝ ኤፍ የሰጠሁት ተማሪዬ ነው።

«ና እስቲ አንተ፣ ይሄን ልጅ ታውቀዋለህ?»

«ቲቸራችን ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ቀስ ብሎ አየኝ። «ይመስለኛል» አለ።

ላብ ውስጥ ተማሪዎቼን «ከቢዩሬቱ አንዲት ጠብታ ስትወርድ አሲዱ በድንገት ሮዝ ይሆናል፤ እዚያ ላይ አቁሙ» እላቸዋለሁ። የእኔ ጠብታ ያቺ «ይመስለኛል» ነበረች። ፊቴ ቀላ፤ ያቆመ ግን የለም። ልጁ «ምስክር» ከሚለው ቃል ጎን ተንደርድሮ ፈረመ፤ ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ይቆየኝ። 186 ሪፖርት ነው ያረምኩት! መብራት በጠፋ ሌሊት በስልኬ ባትሪ እያበራሁ! ጉልበቴን ስትወስዱ ማነህ ያለኝ የለም፤ ልትከፍሉኝ ሲሆን ምስክር? ያውም በኤፍ የጣልኩት? ትንሽ እንኳ አታፍሩም?

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ምስክር ከተገኘ በኋላ «ሂድና ሐምሌ ሲገባ ተመለስ» ተባልኩ። ሐምሌ 3 ተመለስኩ። እህታችን በጣም አዘነችልኝ፦ «በጀቱ እኮ ሰኔ 30 ተዘጋ። ያምናው ገንዘብ ተመላሽ ሆኗል። ምነው ቀደም ብለህ ብትመጣ?»

ስለዚህ ገንዘቡን አልጠይቃችሁም፤ ልጁ የፈረመባት ወረቀት ብቻ ትመለስልኝ። በዚህ ግቢ ውስጥ አስተማሪ መሆኔን የሚያረጋግጥ ሌላ ሰነድ የለኝም።

ከሰላምታ ጋር
ግራጁዌት አሲስታንቱ (ይመስለኛል)

ግልባጭ፦
– ለትምህርት ክፍሉ
– ለቤተ መጻሕፍቱ
– ለምስክሬ፣ ኤፉ እንደጸና መሆኑን ከማሳሰብ ጋር