ማጨስ ኤንድ መቃም

ቢሮ በር ላይ ሲያስጠብቁኝ ግድግዳ አነባለሁ። እናንተም ታነባላችሁ፤ አትካዱ። መብራት ጠፍቶ ሊፍት የቆመበት ሰው፣ በደረጃ ወጥቶ ትንፋሹ እስኪመለስለት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል። ግድግዳ ደግሞ ባዶውን አያስቀርም፤ የጠፋ መታወቂያ፣ የሚከራይ ቢሮ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም፣ ያለፈው ዓመት የስብሰባ ጥሪ፣ ሁሉም አለ።

ቦሌ አካባቢ አንድ አዲስ ሕንፃ ደረጃ ላይ ያገኘኋት ወረቀት ግን እስካሁን አልለቀቀችኝም። በላስቲክ ታሽጋ፣ አራቱም ማዕዘኗ በፕላስተር ተይዞ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲህ ትላለች፦ «ስሞኪንግ ኤንድ ችዊንግ ጫት ኢዝ ኖት አላውድ።»

ፊደል አልተገደፈባትም፤ በከተማችን ልማድ ይህ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። የከነከነችኝ መካከል ላይ የተቀመጠችው «ኤንድ» ናት። የተከለከለው ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ ነው ወይስ እያንዳንዱን? ጉንጩን ወጥሮ ሲጋራ ያልለኮሰ ሰው ምን ይባላል? ጸሐፊው ይባስ ብሎ «አር» ማለት ሲገባው «ኢዝ» ብሎታል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው በ«ኤንድ» የተያያዙ ሁለት ነገሮች እንደ ሁለት ይቆጠራሉ፤ «ኢዝ» ያለ ሰው ሁለቱን አንድ ሥራ አድርጓቸዋል። ጫትና ሲጋራ ተለያይተው እንደማያውቁ ደግሞ አገር ያውቃል። ስለዚህ አንድ ቃሚ ተነሥቶ «የተከለከለው ምርቃና ከነሙሉ ሥርዓቱ ነው፤ ቅጠሉ ብቻውን ነጻ ነው» ብሎ ቢከራከር፣ ጠበቃ ብሆን ጉዳዩን እይዝለት ነበር።

ሲጋራውን ደግሞ መንግሥት ጨርሶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሕንፃ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ወረቀት ተለጠፈም አልተለጠፈም። ጫትን ግን አዋጁ አልነካውም። እንግዲህ የዚያች ወረቀት ብቸኛ ሥራ ጫትን መከልከል ነበር። እሷ ግን ጫቱን ወስዳ ቀድሞ ከተከለከለው ሲጋራ ጋር አሰረችው።

ይህን ሁሉ በሆዴ መያዝ አቅቶኝ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡትን የጥበቃ ሠራተኛ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እዚህ ጫት ብቻውን መቃም ይቻላል?»

«ምን?»

«ወረቀቱ የሚከለክለው ሁለቱን አንድ ላይ ነው እኮ።»

ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ለእኔ የተነገረኝ ማጨስም የለም፣ መቃምም የለም ተብሎ ነው። ልትቅም ነው የመጣኸው?»

«ኧረ እኔ አልቅምም።»

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

እውነታቸውን ነው። ግን ቸገረኝ።

አውግስተስ ዴ ሞርጋን የሚባል፣ ሕንድ አገር ማዱራይ ከተማ የተወለደ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ከዚህ ዓለም ሲለይ በስሙ የተሰየመ አንድ ሕግ ትቶልናል። በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ነገሮች «በአንድነት የሉም» ማለት ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የለም ማለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም እንዳይኖሩ ከፈለግህ «ኦር» በል። ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ሳያውቁ አያድሩም። እኛ ግን «ኦር» ማለት «ወይም» ነው ተብለን አድገናል፤ «ስሞኪንግ ኦር ችዊንግ» ክልክል ነው ብንባል «ከሁለቱ የቱ?» ብለን የምንጠይቅ ሕዝብ ነን። ጸሐፊው «ኤንድ»ን የመረጠው ምናልባት ይህን ፈርቶ ይሆናል። ከሆነ ይቅርታዬ ይድረሰው።

የቋንቋው ባለቤቶችስ ቢሆኑ? እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች «ኤንድ» ምን ማለት እንደሆነ ፈረዱ። ቀልድ አይደለም። አዮዋ ውስጥ ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ በማከፋፈል ጥፋተኛነቱን ያመነ ማርክ ፑልሲፈር የሚባል ሰው ነበር። ሕጉ ከአሥራ አምስት ዓመት እስራት በታች እንዳይፈረድበት ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ በር ከፍቷል፤ ተከሳሹ ከዚህ በፊት ባለው የወንጀል መዝገብ «ሀ፣ ለ፣ ኤንድ ሐ» ከሌሉበት ዳኛው ከዚያ ወለል ወርዶ መፍረድ ይችላል። ፑልሲፈር ሀ አለበት፤ ለ አለበት፤ ሐ የለበትም። ጠበቆቹ «ሦስቱ በአንድነት የሉበትምና በሩ ይከፈትለት» አሉ። መንግሥት «አንዷ እንኳ ካለችበት አይከፈትም» አለ። ልክ እንደ እኔና እንደ አባባ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ክርክር ማንንም አለማሳሰሩ ነው።

የሥር ፍርድ ቤቶች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ጠቅላዩም ስድስት ለሦስት ተከፈለ። የስድስቱን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኤሌና ኬገን ናቸው፤ ከመንግሥት ጋር ሆኑ። በተቃውሞ የጻፉት ኒል ጎርሰች ሲሆኑ ሶቶማዮርና ጃክሰን ተከተሏቸው። የዚያን አገር ፖለቲካ የሚከታተል ሰው ያውቃል፤ እነዚህ ሦስቱ በከባድ ጉዳይ ላይ ባንድ ወገን ሲቆሙ ማየት ብርቅ ነው። አንዲት «ኤንድ» አስታረቀቻቸው። ኬገን ነጥባቸውን ለማስረዳት የጠቀሱት መጽሐፍ ደግሞ የሕግ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ኤሪክ ካርል እ.ኤ.አ. በ1969 ለሕፃናት የሳለውን የተራበውን አባጨጓሬ ታሪክ ጨምረውበታል። ያ አባጨጓሬ ቅዳሜ ዕለት ኬኩንም አይስክሬሙንም አይቡንም አንድ በአንድ እየቦረቦረ ያልፋል፤ ከዝርዝሩ ፊት የቆመው «በላ» ለእያንዳንዱ ምግብ ይደርሰዋል። «የለበትም»ም እንደዚያው ለእያንዳንዱ ይደርሳል ነው ክርክራቸው። የሰው የእስር ዘመን በአባጨጓሬ ሲመዘን ማን ያምናል? እኔ ግን ልጆች የሚያነቡትን የማይንቁ ዳኞች መሆናቸውን ወደድሁላቸው።

ክርክሩን ሳነብ የተገረምሁት ሁለቱም ወገኖች እውነት ስላላቸው ነው። «ዶንት ድሪንክ ኤንድ ድራይቭ» ሲባል መጠጣትም መንዳትም ለየብቻቸው ተከለከሉ ብሎ የተረዳ የለም፤ ቢረዳ ኖሮ ታክሲም ግሮሰሪም አይኖርም ነበር። ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በፊት «ዶንት ኢት ኤንድ ድሪንክ» ቢል ግን ሆዱን ሞልቶ «ውኃ እኮ አልጠጣሁም» የሚል በሽተኛ አይገኝም። ቃሏ ያው ናት። መኪናና ቢራ አብረው ሲሆኑ እንደሚገድሉ፣ ምግብ ግን ብቻውን በማደንዘዣ ጊዜ አደጋ እንደሚያመጣ የነገረን ሰዋስው አይደለም፤ ኑሮ ነው።

የእህቴ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ናት። ደብተሯ ላይ ሰባት ቃላት በቁም ተጽፈዋል፤ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ ዬት፣ ሶ። የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ «ፋንቦይስ» ይሰጣሉ። ትርጉሙን ብትጠይቋት አታውቀውም፤ መምህሯም አልጠየቀቻትም። «ፎር» ለምን መጀመሪያ እንደመጣች ታውቃላችሁ? ስለምትዘወተር አይደለም። «ምክንያቱም» በሚለው ትርጉሟ «ፎር» ዛሬ በሰው አፍ አትገኝም ማለት ይቻላል፤ በድሮ መጽሐፍና በስብከት ውስጥ ነው የቀረችው። ፊት የቆመችው «ኤፍ» ከሌለ «ፋንቦይስ» ተብሎ ስለማይነበብ ብቻ ነው። ልጆቻችን የሞተ ቃል የሚሸመድዱት አኅጽሮቱ እንዲያምር ነው።

ከዝርዝሩ በታች «ባዶ ቦታ ሙሉ» የሚል መልመጃ ነበር። «ዘነበ፣ ዳሽ፣ ቤት ዋልን።» ልጅቷ «ኤንድ» ብላ ሞልታለች። በቀይ ተሰርዞ «ሶ» ተጽፎበታል። «ዘነበ፣ ኤንድ ቤት ዋልን» ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? ለንደን ውስጥ የሚኖር ሰው ዕለት ዕለት የሚለው ነው፤ ዝናብም ቤት መዋልም ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል። ቀጥሎ ደግሞ ሁላችንም የወደቅንባት አለች፤ «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መካከል ላይ «በት» መጨመር። «ምንም እንኳ» ብሎ ጀምሮ «ነገር ግን» ሳይል የሚያርፍ ያበሻ ምላስ የለምና ሁለቱን እንደረድራለን፤ እንግሊዝኛው አንዷን ብቻ ነው የሚቀበል። ይህችኛው ቀይ ተገቢ ናት። ግን ለልጅቷ ሁለቱም ቀዮች አንድ መልክ አላቸው። የቱ እውነተኛ ስሕተት እንደሆነ፣ የቱ የመልስ ወረቀቱ ግትርነት እንደሆነ የሚነግራት የለም።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ይህች ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ «ከሚከተሉት ውስጥ ሀ ኤንድ ለ የማይሆነው የቱ ነው» የሚል የኬሚስትሪ ጥያቄ ፊት ትቀመጣለች። በዚያች ቃል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት ተከፍሏል። እሷ በሰዓት የተገደበች፣ ያንን ቋንቋ ከክፍል ውጭ ሰምታው የማታውቅ ልጅ፣ አንድ ክብ አጥቁራ ትወጣለች። ክቡ ከሳተ «ኬሚስትሪ አታውቅም» ይባላል። ኬሚስትሪውን ማን ጠየቃት? የጠየቋት «ኤንድ»ን ነው! የቦሌው ሕንፃ ወረቀትም የዚሁ ዘመድ ናት፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፋ፣ የማስከበሩ ሥራ የተሰጠው በአማርኛ ብቻ ለሚኖሩ ሽማግሌ ዘብ ነው። እሳቸው እኮ «ማጨስም የለም፣ መቃምም የለም» ብለው ከወረቀቷ የጠራ ሕግ በቃላቸው ይዘዋል! ያንን ጽፎ መለጠፍ ምን ያህል ያስከፍል ነበር? ግን ደግሞ እንግሊዝኛ ያልተለጠፈበት ሕንፃ ኪራዩ ዝቅ ይላል መሰለኝ።

ቆይ፣ መምህሯንስ ምን አድርጊ እላታለሁ? ክፍል ሙሉ ደብተር ጭና ቤቷ ትገባለች፤ የመልስ ቁልፉ «ሶ» ይላል፤ እሷም በተማሪነቷ ያንኑ «ፋንቦይስ» ሸምድዳ ነው ያለፈችው። ለእያንዳንዱ ልጅ «ይህም ያስኬዳል» ብላ ብትጽፍ እስከ ጥምቀት አትጨርስም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር «ሶ» ትሻላለች። ትንሽ ትሻላለች።

ሌላው ያልገባኝ ደግሞ፣ ዓረፍተ ነገርን በ«ኤንድ» መጀመር ነውር ነው የሚባለው ነገር ነው። ይህንንም ከክፍል ይዘነው ወጥተናል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስን መጽሐፍ ቅዱስ ግለጡ፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ሠላሳ አንድ ቁጥር አለው። ሃያ ዘጠኙ የሚጀምሩት በ«ኤንድ» ነው። የቀሩት የመጀመሪያው ቁጥርና ሃያ ሰባተኛው ብቻ ናቸው፤ ሃያ ሰባተኛው ሰው የተፈጠረበት ሲሆን የሚጀምረው በ«ሶ» ነው። ብርሃን፣ ባሕር፣ ዓሣ፣ አውሬ ሁሉ በ«ኤንድ» መጡ፤ ሰው ብቻ በ«ሶ» መጣ። ለመምህሯ ይህንን ብነግራት ሙሉ ነጥብ ትሰጥ ይሆን? ዕብራይስጡም ግዕዙም ዓረፍተ ነገርን በ«ወ» ሲያስጀምሩ ኖረዋል፤ ነውር ነው ያላቸውም የለም።

ለነገሩ ኮማዋም ብትሆን ቀላል አይደለችም። ሜን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት የወተት ማመላለሻ ሾፌሮች ለትርፍ ሰዓት ክፍያ አሠሪያቸውን ከስሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ወደ እነሱ ያጋደለው ከ«ኦር» በፊት ኮማ ስላልነበረች ነው። ሕጉ የትርፍ ሰዓት የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር «ለጭነት ወይም ለስርጭት ማሸግ» ብሎ ይጨርሳል፤ ኮማ ብትኖር ማሸግና ማሰራጨት ሁለት ሥራ ይሆኑና ሾፌሮቹ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር፤ ስለሌለች አንድ ማሸግ ብቻ ሆነ። በኋላ በ5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። የግዛቲቱ ምክር ቤትም ደንግጦ ሕጉን እንደገና ጻፈው፤ በዚህ ጊዜ ኮማውን ሁሉ ነቅሎ በሴሚኮለን ተካው። ሴሚኮለን ማለት የእኛ ድርብ ሰረዝ ናት፤ ጠንካራ ነገር ናት፤ በዚህ ጽሑፍ ሳበዛት ታዝባችሁኛል። ስልኬ ላይ ግን ከነጠላ ሰረዝ ሥር ተደብቃ ጣት ሲቆይበት ነው ብቅ የምትለው፤ አንዳንዴ ለእሷ ስጫን ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ትወጣለች፤ አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ጭራሽ የላትም ይላሉ። የእናንተስ የት ጋ ናት?