ሲስተም የለም

ከጎተራ ወደ ሳሪስ ስትወርዱ ግራና ቀኙ ጋራዥ፣ መጋዘንና የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ከየመስኮቱ ጀርባ ኮምፒውተር አለ፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ደግሞ «ሲስተም የለም» የምትል ልጅ አለች። ይህች አባባል ባትኖር ኖሮ በዚህ አገር ሰልፍ ምን ተብሎ ይበተን ነበር? ሲስተም የለም ሲባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ቀርፋፋ ሆኖ ነው እንጂ ይመጣል።

የእኔ እንጀራ ይህን ቀርፋፋ መቀስቀስ ነው። በቅርቡ የተጠራሁት እዚያው ነፋስ ስልክ፣ ስሙ ይቆየንና፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ጋ ነበር። በር ላይ ያሉት ጋሼ ቦርሳዬን ሳይፈትሹ ምርመራቸውን ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ኔትወርኩ ነው፤ ዝናብ ሲመጣማ አይጣል ነው።» ገንዘብ ያዧ ቫይረስ ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን አስበው ጨርሰዋል፦ «ራም ይጨመርበት! ግዥውን ጀምረናል።» እኔን ለምን እንደጠሩኝ እስካሁን አልገባኝም።

የዳታቤዙ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ገብቼ ሳይ ሜሞሪው ትርፍ አለው፤ ፕሮሰሰሩም እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሰው እያለቀሰ ማሽኑ ሥራ ከፈታ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ዲስክን ነው። ሠራተኞቹ ሲመራቸው ሪስታርት ያደርጉታል። ያን ጊዜ ሜሞሪ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ ይራገፍና ሁሉም ነገር እንደገና ከዲስክ ይነበባል፤ ማለት ይብስበታል። ግን ሪስታርት ማድረግ ደስ ይላል፣ አንድ ነገር የሠሩ ያህል ይሰማል።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁሉም የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ ውሃው ግን የሚመጣው በአንድ መስመር ነው። ምድር ላይ ያሉት ልብስ ሲያጥቡ አራተኛ ፎቅ ቧንቧው ያፏጫል፤ የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ ባልዲ ቢጨምር ውሃ አይመጣለትም። ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። አይቢኤም አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ የሚያካፍለውን ቪኤም/370 ይፋ ያደረገው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1964 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። የዚህኛው ቤት ነዋሪዎች ዳታቤዙ፣ የደመወዙ ፕሮግራምና የመጋዘኑን ካሜራ የሚቀዳው ማሽን ናቸው፤ ሁሉም በሚሽከረከሩ ዲስኮች ላይ ተደራርበዋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ እዚህም እዚያም ዝለል ከተባለ በሴኮንድ ቢበዛ 100 ጊዜ ገደማ ነው የሚያነበው። ካሜራው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የመጋዘኑን ድመት ይቀዳል። ለእሱ የራሱን ዲስክ ሰጠነው። ከአንድ ማሻሻያ በፊት «ለማንኛውም» ተብሎ የተወሰደ ስናፕሾትም (ማሽኑን ወደዚያች ቀን መመለሻ) አገኘሁ፤ የቨርቹዋል ማሽኑ ሶፍትዌር ሠሪ ቪኤምዌር ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት የሚለው ነገር እዚህ ሁለት ፋሲካ ፈስኳል።

«እህቴ፣ መቼ መቼ ነው የሚብሰው?» ብዬ የመስኮቷን ልጅ ጠየቅኋት። «ጠዋት ነው፤ እስከ 4 ሰዓት አያስነካም» አለችኝ። እስከዚያች ቀን የጠየቃት ሰው የለም፤ የሚጠየቁት አለቆቿ ናቸው። የባክአፑን መርሐ ግብር ስከፍተው 08:00 ይላል። አስተዳደሩ «ባክአፕ በየዕለቱ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲከናወን» ብሎ በደብዳቤ አዟል፤ ባለሙያውም የታዘዘውን 8 አስገብቷል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነውና 08:00 ማለት የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በሩ ሲከፈት፣ ደንበኛው ሲሰለፍ፣ ባክአፑም አብሮ ይሰለፋል። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፤ ማንም አልተሳሳተም። ወደ 02:00 ልለውጠው ስል «ደብዳቤው 8 እያለ አንተ 2 የምትለው በማን ፈቃድ ነው?» ተባልኩ። ሌላ ደብዳቤ ተጻፈ።

ጠዋቱ ሰላም ሆነ። ደንበኛ በስም ሲፈለግ ግን ያች ክብ ምልክት አሁንም ትዞራለች። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ አገሩን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ፤ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ልጅቷ የትኛውን ብትመታ ሰውየው እንዲገኝ ተብሎ በእያንዳንዱ ፍለጋ የደንበኛው ሁሉ ስም ከመዝገብ ይወጣል፤ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ ወደ ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡ ሠ ወደ እሳቱ ሰ፣ ዓይኑ ዐ ወደ አልፋው አ፣ ፀሐዩ ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ ይመለሳሉ፤ ከዚያ ነው ማነጻጸሩ። ኢንዴክስ፣ ማለትም የፍለጋ ማውጫ፣ አለ፤ ግን ስሙ በተጻፈበት መልክ የተሠራ ነው፤ የሚጠየቀው ደግሞ በተለወጠው መልክ ነው። ዳታቤዙም ኢንዴክሱን ትቶ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው በእግሩ ይወርዳል። ፊደላችን ከዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በዩቲኤፍ-8 አንዷ ሆሄ 3 ባይት ትፈጃለች፤ የላቲኗ 1 ይበቃታል። መንገዱ ለእኛ ረዘም ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ሲመዘገብ አንዴ ተስተካክሎ በሌላ አምድ እንዲቀመጥ አደረግንና ኢንዴክሱን በዚያ ላይ ሠራን። የሰዎቹ ስም እንደተጻፈ ቀረ፤ የማንም አባት ፊደሉን አልተቀማም።

ሥራ አስኪያጁ መጥተው ከልጅቷ ትከሻ በላይ ቆሙ። አንድ ኃይሉን በሃሌታው ፈለገች፤ ጣቷ ሳይነሳ ኃይሉዎች ሁሉ ተደረደሩ። ወደ እኔ ዞሩና «አየህ? ራሙ ሠራ!» አሉኝ።

ራሙ ያን ጊዜ ገና ከካርቶኑ አልወጣም ነበር።