የአቶ ፍላሽ ፕሌየር አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ የዱርቤቴ ዕድርተኞች፣ ከባሕር ዳርና ከዳንግላ የመጣችሁ ለቀስተኞች! ኪሳችሁን የዳሰሳችሁ ተረጋጉ፤ ፊልም የምታመላልሱበት ፍላሽ ደህና ነው። የሞቱት ሞክሼው ናቸው።

በብሮውዘር ውስጥ ቪዲዮ ያጫውቱ የነበሩት አቶ ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካን አገር ፊውቸርስፕላሽ ተብለው ተወለዱ። ብዙም ሳይቆይ ማክሮሚዲያ በጉዲፈቻ ወሰዳቸው፤ በ2005 ከነአሳዳጊያቸው ለአዶቤ ተሸጡ። በዚያው ዓመት የተወለደውን ዩቲዩብን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው፤ ብሮውዘሮቹ ያኔ ቪዲዮ በማሳየት ጉዳይ አልተስማሙም ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጠባያቸው ግን ከባድ ነበር። ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ ከፍለን ክሊፕ ስንከፍት ከዘፋኙ በፊት የሚመጣው «አዲሱን ጫኑ» የሚል ትእዛዝ ነው። አውርደን ሳንጨርስ ሒሳባችን ያልቃል። ክሊፑ ከጀመረም ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ባለቤቱ መጥቶ «ሰዓት ሞልቷል» እስኪል ድረስ። (ከጥፋቱ ግማሹ የመስመሩ ነው፤ እርሱ ግን ገና በሕይወት ስላለ ዝክር አይገባውም።)

እ.ኤ.አ. በ2010 ስቲቭ ጆብስ ባትሪ ይጨርሳሉ፣ ለንክኪ ስክሪን አይሆኑም ብሎ ከአይፎን ደጅ መለሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩቲዩብ ከጀርባቸው ወርዶ፣ ብሮውዘሩ በራሱ ቪዲዮ ወደሚያሳይበት ኤችቲኤምኤል 5 ሄደ። በመጨረሻም ጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ለጥምቀት ሰባት ቀን ሲቀር፣ አዶቤ ራሱ እስትንፋሳቸውን ዘጋ። የደቡብ አፍሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ግን ቅጾቹ በእርሳቸው የተሠሩ ስለነበሩ አልቀብርም አለ፤ ለሟቹ መኖሪያ የሚሆን ብሮውዘር ሠራላቸው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ለማንም አይገኝም።

ወራሻቸው ኤችቲኤምኤል 5 ክፍት ነው፣ የማንም ንብረት አይደለም ይባላል። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ብዙው ቪዲዮ የሚታመቅበት ኤች.264 የፓተንት ባለርስቶች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የድሩን ደንብ የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ ቪዲዮ እንዳይቀዳ ለሚቆልፈው የፊልም ኩባንያዎች ቁልፍ መንገድ የሚከፍተውን ኢኤምኢን ሲያጸድቅ፣ ኢኤፍኤፍ የተባለው ተሟጋች ድርጅት ተቃውሞ ከአባልነት ወጣ። ሟቹ ቢያንስ በር ያንኳኩ ነበር፤ ይህ ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ ከብሮውዘሩ ጋር ታሽጎ ይመጣል፣ መግባቱንም ማንም አያውቅም።

እዚህ ዱርቤቴ ያሉት ወጣቶች እንደሆነ ሟቹንም ወራሹንም ሳይጠብቁ ዘፈናቸውን በሜሞሪ ካርድ አስጭነው ሄደዋል። የቀብሩን ወጪ በተመለከተ፣ አዶቤ የዕድራችን አባል ስላልሆነ መዋጮ አይመለከተንም።