ጆሮ የሌለው ችሎት

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሪ ፓርች ኦክታቩን 43 ቦታ ሸነሸነው። የሚጫወትለት መሣሪያ ሲያጣም ከመስታወት ጋንና ከቀርከሃ ራሱ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሎስ አንጀለስ ላይ የታየው ሙዚቃዊ ድራማው፣ «ዴሉዥን ኦፍ ዘ ፊውሪ»፣ ሁለተኛ ክፍሉ ግን የኛው ተረት ነው፦ ፍየል የጠፋባት ሴት፣ የማይሰማ ሰው፣ የማይሰማ ዳኛ። እሷ ስለ ፍየል ትከራከራለች፤ ዳኛው ባልና ሚስት አስታርቆ ይሸኛል።

ፎገራ፣ ወረታ ላይ ቢታይ ማን ይደነቃል? ድምፅ መሸንሸኑን እንደሆነ አዝማሪው በአንዲት የፈረስ ጭራ ሲያንሸራትተው ኖሯል፤ ስላልቆጠረው ብቻ «ሙከራ» አልተባለለትም። ሩዙን የሰው ከብት የበላበት የፎገራ ገበሬማ ታሪኩን ተረት ነው ብትሉት አያምንም። ይግባኙ የት እንደሚባል ነው የሚጠይቃችሁ።