ለዘመዳም ሰው የሆቴል ካርድ

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ሲያረጅ ስለ ጉልበቱና ስለ ስኳሩ የሚጠየቅ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ልጆች የሚጠይቁት ስለ ካርዴ ነው። «አባዬ፣ አሁንም በዴቢት ነው የምትገዛው? ገንዘብህን በነፃ እየተውክላቸው እኮ ነው!» ትላለች ታላቋ። ክሬዲት ካርድ አውጣ ማለቷ ነው። እሺ ላውጣ ብል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ እሷ የሆቴል ካርድ ትላለች፣ ታናሹ ካሽባክ ይላል፣ እኔ መሃል ቤት እሸመግላለሁ።

የታናሹ ነገር ቀላል ነው፤ ምንም ብትገዛ ከመቶ ሁለት ይመለስልሃል ነው የሚለው። አዲስ ግኝት አድርጎ ያወራዋል እንጂ ሲርስ የሚባለው ትልቅ መደብር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986 ዲስከቨር ካርድን ሲያወጣ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። «የሚመለሰው የማን ገንዘብ ነው?» ስለው «የባንኩ» አለኝ። ባንክ መቼ ነው ከኪሱ ሰጥቶ የሚያውቀው? እኛ ካርድ በጫርን ቁጥር ባለሱቁ ከመቶ ሁለት ገደማ ይቆረጥበታል፤ ካርዱ ሽልማት ያለው ከሆነ ይብስበታል። ክትፎ የሚሸጥልን ወንድማችን ታዲያ ምን ያድርግ? ወይ ክትፎውን ያስወድደዋል፣ ወይ «በካርድ ለሚከፍል 3 በመቶ ይጨመራል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፋል። ሦስት ከፍዬ ሁለት ሲመለስልኝ ልጄ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል! በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ምስኪን ደግሞ የተወደደውን ክትፎ በልቶ ምንም ሳይመለስለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዕዳውን በጊዜው ያልዘጋ ሰውማ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ወለድ እየቆጠሩ ያስከፍሉታል፤ የእሱን ነገር ተዉት።

የሆቴሉ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ የሚመልስልህ በገንዘብ ሳይሆን ለማደሪያ በሚሆን ነጥብ ነው። በዓመት 95 ዶላር ትከፍላለህ፤ በምትኩ በዓመት አንድ ሌሊት «ነፃ» ያሳድሩሃል። በ95 ዶላር የተገዛ ነፃ! እሱም እስከ 35,000 ነጥብ በሚያወጣ ክፍል ብቻ ነው፤ ዓመቱ ሳያልፍ ካላደርክበት ይቃጠላል።

ለመሆኑ እኔ ሆቴል የማድረው የት ሄጄ ነው? አትላንታ አብሮ አደጌ አለ። ዳላስ የእህቴ ልጅ አለች። ሲያትል የአጎቴ ልጆች ሞልተዋል። ይህን ካርድ ያወጣው ሰው ዘመድ አልባ መሆን አለበት። ዳላስ ለሠርግ ሄደን ልጄ ሆቴል ብታስገባን፣ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቤቴ ጠቦዎት ነው? ምን አጠፋሁ?» ብላ አኮረፈች፤ እስከ ዛሬም ስደውልላት ድምጿ ቀዝቀዝ ይላል። ልጄ «ማንንም ላለማስቸገር ነው» ትላለች። ማን ተቸገረ? ሳሎን ፍራሽ ተዘርግቶ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲወራ ነው ሠርግ ሠርግ የሚሸተው። ሆቴል ውስጥ ከማን ጋር ይወራል? ከቴሌቪዥኑ ጋር? ቡናውንም የሚያፈላልህ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የተቀመጠ ማሽን ነው፤ አቦል የለው፣ ቶና የለው።

አንድ ጠንከር ያለ ክርክር እንዳላት አልክድም፤ የኳሱ ሰሞን። የሰሜን አሜሪካው የስፖርት ፌዴሬሽናችን ከ1984 ጀምሮ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ ሕዝቡን ይሰበስባል። ያን ሳምንት የዘመድ ቤት እስከ ምድር ቤቱ ይሞላል፣ የሆቴል ዋጋም ሰማይ ይነካል። «ነጥብ የሚጠራቀመው ለዚህ ቀን ነው» ትላለች። ድሮ ቢሆን እውነቷን ነበር፤ ሆቴሎቹ የትኛው ቤት ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ ቁርጥ ያለ ሰሌዳ ነበራቸው። ሂልተን በ2017፣ ማሪዮት በ2022 ሰሌዳውን አነሱና ነጥቡ ከገበያው ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ አደረጉት። ሐበሻ ሲሰበሰብ ዋጋው ይወጣል፣ ነጥቡም ተከትሎት ይወጣል። ያቺ የ35,000 ነጥብ «ነፃ» ሌሊትም ነጥብ ካልጨመሩባት በዚያ ሳምንት የምታሳድረው ከስታዲየሙ ርቆ አውራ ጎዳና ዳር ነው።

ሒሳቡን በእስክሪብቶ ሠርቼ አሳየኋት። በወር 1,000 ዶላር የሚያወጣ ሰው በሁለት በመቶው ካርድ በዓመት 240 ዶላር ያገኛል፤ ዓመታዊ ክፍያም የለበትም። የሆቴሉ ካርድ በዶላር ሁለት ነጥብ ቢሰጥ 24,000 ነጥብ ነው፤ አንዷ ነጥብ አንድ ሳንቲም ስለማትሞላ ያንኑ 240 ዶላር አይደርስም፣ በዚያ ላይ 95ቱ ይቀነሳል። ዶላር ደግሞ የክትፎ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም ይቀበለዋል። ነጥብ ይዤ ሄጄ የደም ግፊት ኪኒን ስጡኝ ልበል?

ታናሹ ፈነደቀ። እሷ ግን አትረታም፤ በሳምንቱ የአየር መንገድ ካርድ ይዛ ከተፍ አለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ውስጥ ስላለ፣ በማኅበሩ ያለ የአሜሪካ አየር መንገድ ማይል አጠራቅሞ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ መብረር ይቻላል አለችኝ። ዘመድ አለኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ «አባዬ፣ አትላንቲክን የሚያሻግር ዘመድ የለህም።»

ስንት ሻንጣ እንደሚፈቅድ ጠይቂልኝ ብያታለሁ።