በሰማይ ያለችውን ላም ስለማለብ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሞዓ ኩፖን ዘእምነገደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሥዩመ ክሬዲት፣ የባለ ሁለት መኝታው አፓርታማ ጠቅላይ ገዥ፤

ቤታችን ባለፉት 5 ዓመታት በጉዞ ክሬዲት ካርድ 84,200 ነጥብ ማከማቸቱን፣ በእነዚሁ ዓመታት ያደረግነው ረጅሙ ጉዞ ግን ለክርስትና አሌክሳንድሪያ ደርሶ መመለስ ሆኖ መገኘቱን በመገንዘብ፤

አያቶቻችን ላሚቱን በሰማይ ሲያኖሯት ቢያንስ የግጦሽ ኪራይ እንዳልከፈሉባት፣ እኛ ግን በየዓመቱ 95 ዶላር የካርድ ክፍያ እየገበርንላት አንዲት ኩባያ ወተት አለመቅመሳችንን በማየት፤

እናታችን በየእሑዱ ከደብረ ብርሃን ደውለው «ልጄ፣ ያ ነጥብ አልሞላም እንዴ?» ሲሉን «ትንሽ ቀረው እማዬ» እያልን አምስት ፋሲካ ማሳለፋችንን፣ እሳቸውም ነገሩን የፈተና ነጥብ አድርገው ስለወሰዱት መውደቃችንን ከጎረቤት መደበቅ መጀመራቸውን በመረዳት፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

«ነጥብ» ማለት ባንኩ ገንዘብ እንዳይመስልህ ስሙን ለውጦ የሚሰጥህ ገንዘብ ነው፤ በጥሬው ሲመነዘር ብዙውን ጊዜ አንዱ 1 ሳንቲም ያወጣል።

«ላውንጅ» ማለት በማስታወቂያ ላይ ያየነው፣ ዳለስ ኤርፖርት ሰው ልንሸኝ ሄደን የእንግዳችን ሻንጣ 23 ኪሎ አልፎ ስኒከርና ቪታሚን ወለሉ ላይ ስንዘረግፍ ትዝ የሚለን ክፍል ነው።

«ጉዞ» ማለት አውሮፕላን ብቻ አይደለም። ብዙ ባንኮች ታክሲውን፣ ባቡሩን፣ የመኪና ማቆሚያውንና የአውራ ጎዳናውን ክፍያ ጭምር በጉዞ ይመዘግቡታል። የዚህ ቤት ዜጋ ይህን የካርዱን ውል መስመር ሳያነብ አምስት ዓመት ኖሯል።

2. ስለ እራት ግብዣ

የካርዱ የመግቢያ ጉርሻ 60,000 ነጥብ ሲሆን፣ የሚጎርሰው በ3 ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ያወጣ ብቻ ነበር። ጉርሻ በእኛ ዘንድ እጅ ታጥበው የሚያጎርሱት እንጂ ውል የሚፈረምበት ነገር አልነበረም፤ ዘመኑ ነው። ዕቁባችን ካርድ አይቀበልም። የቤት ኪራዩ በካርድ ሲከፈል ተጨማሪ ይጠየቅበታል። ስለዚህ መንግሥታችን ፊቱን ወደ ወዳጆቹ አዞረ።

ሰባት ሆነን ክትፎና ጥብስ በልተን ሒሳብ ሲመጣ፣ «በሞቴ! እኔ እያለሁ?» ብለን ወረቀቱን ከአስተናጋጇ እጅ ነጠቅን። «ኧረ አይሆንም፣ ባለፈውም አንተ ነህ የከፈልከው!» ተባለ። ተመረቅን። አንዱማ ቆሞ ትከሻችንን ሳመን። ካርዱ ሄዶ ተመለሰ፣ ፊርማው ተፈረመ፤ ምርቃቱ ገና ሳይበርድ «እንግዲህ ለእያንዳንዳችሁ 38 ደርሷል፣ ዜል አድርጉልኝ» አልን።

ከዚያ ማታ ጀምሮ «በሞቴ» የሚለው ቃል በወዳጆቻችን ዘንድ ምንዛሪው ወርዷል። በመሆኑም ለነጥብ ብሎ በሞቱ መማል በጥብቅ ተከልክሏል። የሳመን ሰው ገንዘቡን ወዲያው ልኳል፤ ከዚያ ወዲህ ግን እራት አልጠራንም።

3. ስለ ዕዳ

በ2 በመቶ ነጥብ እየተደሰተ ያልከፈለውን ሒሳብ ከወር ወደ ወር የሚያሻግርና ከ20 በመቶ በላይ ወለድ የሚከፍል ዜጋ፣ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እየቀዳ ነውና ይህ አዋጅ አይመለከተውም። በመጀመሪያ ዕዳውን ይክፈል።

4. ስለ ክምችቱ

ነጥብ እንደ ጠጅ ሲቆይ አይበስልም። ወለድ የለውም፤ አየር መንገዶች ደግሞ ለአንድ ወንበር የሚጠይቁትን ነጥብ ሲያሻቸው ያሳድጋሉ፣ ለዚህም ነጋሪት አይጎሰምም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አሊያንስ ከገባ ወዲህ በሌላ አባል አየር መንገድ ነጥብ የአዲስ አበባ ቲኬት መቁረጥ ስለሚቻል፣ ቤታችን ተስፋውን ሁሉ እዚያ ላይ ጥሎ ነበር። ነገር ግን 84,200 ነጥብ አራት ነፍስ አድርሶ አይመልስም። ታክሱም ቢሆን ከኪስ ነው።

ወደ አየር መንገድ የተሻገረ ነጥብ ተመልሶ ወደ ባንኩ አይገባም። ስለዚህ ወንበር መኖሩን በዓይኑ ሳያረጋግጥ ያሻገረ ሰው፣ እሺታ ሳያገኝ ጥሎሽ እንደላከ ይቆጠራል።

5. ስለ ምንዛሪ

ነጥቡ በሙሉ ወደ 842 ዶላር ይመንዘር። ከዚህ ላይ በ5 ዓመት የተገበረው 475 ዶላር ሲነሳ የመንግሥታችን የተጣራ ትርፍ 367 ዶላር ይሆናል። የገንዘብ ሚኒስትራችን፣ ማለትም ባለቤታችን፣ ይህን ቁጥር በካልኩሌተር ሁለት ጊዜ አስልታ ካልኩሌተሩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው። ሌላ አስተያየት አልሰጠችም።

ከምንዛሪው በኋላ ባንኩ ጋ ተደውሎ ካርዱ ዓመታዊ ክፍያ በሌለው ይለወጥ። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ክልክል ነው፤ ነጥቡ ባንኩ ቤት እያለ ሒሳቡን የዘጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነጥቡንም አብሮ ይቀብራል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምፅዋን አለስልሳ «እንዳይሄዱብን ትንሽ ነጥብ ብንጨምርልዎስ?» ብትል፣ ዜጋው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይበል።

6. ተፈጻሚነት ስለማይኖራቸው ልማዶች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ልማድ፣ በተለይም «ለሚቀጥለው ገና ይደርሳል» የሚለው፣ በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በፍሪጁ በር ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

እናታችን በመጪው እሑድ ሲደውሉ የሚሰጣቸው መልስ ግን ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰናል።